ስንት ሆነው ሲጋፉ ነው ፈሳሽ የሚሆኑት?

ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ተገኝቶ ለሚያውቅ ሰው ግፊያ ምን እንደሆነ አይነገረውም። በ2017ቱ በዓል እኔም ነበርኩ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር በመንገዱ ርዝመት ቀጥ ብዬ ልሄድ አስቤ ነበር። አልሆነም። እግሬ መሬት ይነካል፣ የምራመደው ግን እኔ አይደለሁም። ነጠላው፣ ጃንጥላው፣ የሕፃናቱ ልቅሶ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ወደ ጎን ወሰደኝና የባጃጅ ተራ ላይ ጣለኝ።

አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ «አጎቴ፣ ለምን ወደ ጎን? ወደፊት መሄድ የሚፈልገው ሰው እኮ ይበዛ ነበር» አለኝ።

ጥያቄውን ወደድኩት። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ ውስጥ የኦክስጅንና የኒዮን አቶም አስኳሎች እየተጋጩ ነበር። ፊዚሲስቶቹ የጠየቁት ጥያቄም ከዚህ ልጅ ጥያቄ ብዙ የራቀ አልነበረም። ከተጨናነቀ ቦታ የሚወጣው ነገር ለምን በአንድ በኩል ይበዛል? ያንን ለመፍጠርስ ስንት መሆን ይበቃል?

ከሕዝቡ ልጀምር። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወርዱ ግን ጠባብ። መሃል ላይ ግፊያው የከፋ ነው፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ የለም። በርዝመቱ ከሄድክ ግፊያው የሚቀንሰው ቀስ በቀስ፣ ብዙ መቶ እርምጃ ላይ ነው። በወርዱ ከሄድክ ግን በጥቂት እርምጃ ከጭንቅ ወደ ባዶ ቦታ ትደርሳለህ። ልዩነቱ ስለታም በሆነበት በኩል ግፊቱም ይበረታል። ስለዚህ ሰው በአጭሩ በኩል ይፈናጠራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ የሚሆነው ሰዎቹ ሲነካኩ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሳይጋፋ በየፊናው ቢሄድ ኖሮ የመንገዱ ቅርጽ አካሄዳችን ላይ ምንም ምልክት አይተውም ነበር።

ይህቺን ያዙልኝ። የቀረው ታሪክ በሙሉ እሷ ላይ ነው የቆመው። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ሰርን ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር ዋሻ አለው። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከሩት ፕሮቶኖች ናቸው። አልፎ አልፎ፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ የእርሳስ አስኳል ያስገቡበታል። መጻፊያውን ማለቴ አይደለም፤ ብረቱን ነው። አንዱ የእርሳስ አስኳል 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን ይዟል። ሲያርፍ ክብ ኳስ ነው። ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ግን፣ ከእኛ አንጻር ስናየው፣ በጉዞው አቅጣጫ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ይሳሳል። ኳሱ እንጀራ ሆነ ማለት ነው። እንዲያውም እንጀራ በንጽጽር ይወፍራል።

አሁን ሁለት እንጀራ ፊት ለፊት ሲመጡ አስቡ። ብዙ ጊዜ መሃል ለመሃል አይገናኙም። ትሪ ላይ ሁለት እንጀራ ከፊል ስትደራርቡ የሚነባበረው ክፍል የዓይን ቅርጽ ይይዛል አይደል? እዚህም እንዲሁ ነው። የተነባበረው ዓይን የመሰለ ቦታ ብቻ ይጋጫል። የቀረው ጠርዝ በየአቅጣጫው አልፎ ይሄዳል።

በዚያች ዓይን ውስጥ ያለው ሙቀት የሚታመን አይደለም። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው። እዚህ የሚደረሰው ከ5 ትሪሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። በዚህ ሙቀት ፕሮቶንና ኒውትሮን ይቀልጣሉ። በውስጣቸው ታስረው የሚኖሩት ኳርኮችና ግሉዎኖች ይለቀቃሉ። ይህ ቅልጥ የኳርክና የግሉዎን ፕላዝማ ይባላል። ዓለም ከተፈጠረች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዮንኛ የሴኮንድ ክፍሎች ውስጥ ሁሉም ነገር እንዲህ ነበር ተብሎ ይታመናል።

ዕድሜው ደግሞ አጭር ነው። አንድን ሴኮንድ ለትሪሊዮን ክፈሉት። የደረሳችሁን እንደገና ለመቶ ቢሊዮን ክፈሉት። የሚቆየው የዚያ ጥቂት እጥፍ ነው። ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ የለም። ፕላዝማው ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ተራ ቅንጣት ይሆናል። መሃል ለመሃል በሆነ አንድ የእርሳስ ግጭት ከአሥር ሺህ በላይ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ሳይንቲስቱ እጅ የሚገባው እነዚህ ብቻ ናቸው። ስንት በዚህ በኩል ወጡ፣ ስንት በዚያ? የባጃጅ ተራ ላይ ቁጭ ብሎ ከበዓል የሚመለሰውን ሕዝብ ከየትኛው መንገድ ስንት ሰው እንደወጣ እየቆጠሩ የግቢውን ቅርጽ ለማወቅ እንደመሞከር ነው።

ለዚህ ቆጠራ ነው «ፍሰት» የሚል ስም የተሰጠው። ፈረንሳዊው ፊዚሲስት ዣን ኢቭ ኦሊትሮ በ1992 ሐሳቡን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። ዓይን የመሰለው ቦታ እውነተኛ ፈሳሽ ከሆነ ቅንጣቶቹ በአጭሩ በኩል መብዛት አለባቸው አለ። ይህንን ሞላላ ፍሰት እንበለው። ፈሳሽ ካልሆነ፣ ቅንጣቶቹ ሳይነካኩ የሚበሩ ጋዝ ከሆኑ፣ በሁሉም በኩል እኩል ይወጣሉ።

ብዙዎች የጠበቁት ጋዙን ነበር። ምክንያትም ነበራቸው። ኳርኮች በጣም ሲቀራረቡና ጉልበታቸው ሲጨምር መያያዛቸው እየላላ ይሄዳል። ይህንን ላገኙት ግሮስ፣ ፖሊትዘርና ዊልቼክ የ2004 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጥቷል። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኳርኮቹ ነፃ ወጥተው እንደ ጋዝ ይበተናሉ ቢባል ማን ይቃወማል?

በ2000 ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሪክ የተባለው 3.8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማጋጫ ሥራ ጀመረ። የወርቅ አስኳሎችን አጋጨ። ከመጀመሪያዎቹ ወራት መረጃ ሞላላ ፍሰቱ ታየ። ቅጥነት ያለው፣ በስታትስቲክስ የሚፈለግ ምልክት አልነበረም። ፈጠን የሚሉትን ቅንጣቶች ብቻ ብትመርጥ በአጭሩ በኩል የሚወጡት በረጅሙ በኩል ከሚወጡት እጥፍ ይደርሳሉ። ቅንጣቶቹ ይጋፋሉ ማለት ነው። ያውም አጥብቀው። በ2005 አራቱ የሪክ የምርምር ቡድኖች ውጤታቸውን አንድ ላይ አውጥተው የተገኘው ጋዝ ሳይሆን «ፍጹም» ሊባል የሚችል ፈሳሽ ነው አሉ። ሰርን በ2010 መገባደጃ የመጀመሪያውን የእርሳስ ግጭት ሲያደርግም ያው ፍሰት ታየ።

«ፍጹም» የሚለው ቃል ግን ያሳስታል። ፈሳሽ ውስጡ ምን ያህል እርስ በርሱ እንደሚጎታተት የሚለካበት ነገር አለ፣ ቪስኮሲቲ ይባላል። እኛ ቤት በቀላሉ ይታያል። ሻይ በማንኪያ አማስለህ ማንኪያውን ብታወጣ ሻዩ ይዞራል። ወፍራም ሽሮ አማስለህ ብትተወው ቀጥ ይላል። እንግዲህ ፕላዝማው እንደ ሻይ ነው ወይስ እንደ ሽሮ? በተራው ልኬት ከለካኸው ከሬንጅም በላይ ይወፍራል! ነገር ግን ልኬቱን በውስጡ ከታጨቀው ነገር ብዛት ጋር ስታካፍለው እስከ ዛሬ ከተለኩ ፈሳሾች ሁሉ ቀጥኖ ይገኛል፤ ከውሃም በብዙ ይቀጥናል። ጋዜጦች የመጀመሪያውን ግማሽ ትተው ሁለተኛውን ብቻ ይጽፋሉ። ሁለቱንም ማወቅ ደግ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ዝቅተኛው ወሰን ከየት እንደመጣ ነው። ኮቭቱን፣ ሶንና ስታሪኔትስ የተባሉ ቲዎሪስቶች ከጥቁር ጉድጓድ ሒሳብ ተነስተው ማንም ፈሳሽ ከዚህ በታች ሊቀጥን አይችልም የሚል ወሰን በ2005 አቀረቡ። የፕላዝማው ልኬት ወሰኑ አጠገብ ነው፤ ቢበልጥ ሁለት ሦስት እጥፍ ነው።

እስከ 2010 ድረስ አብዛኛው ሰው እንጀራውን ለስላሳ አድርጎ ነበር የሚያስበው። ለስላሳ ከሆነ የሚነባበረው ቅርጽ ሁልጊዜ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ዓይን ነው። ከዚያ ሞላላ እንጂ ሌላ ነገር አይወጣም። ነገር ግን መረጃው ውስጥ አስቸጋሪ እብጠት ነበር። አንድ ፈጣን ቅንጣት ብትይዝ በተቃራኒው በኩል አንድ ሳይሆን ሁለት ጉብታ ይታያል። ለዓመታት ብዙ ተጻፈበት። ከድምፅ የፈጠነ ጄት አየሩን እየሰነጠቀ እንደሚተወው ነጎድጓድ ነው ተባለ። ቆንጆ ሐሳብ ነበር። ስህተት ሆነ እንጂ።

የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎቹ አልቨርና ሮላንድ በ2010 ቀለል ያለ መልስ አመጡ። እንጀራ ዓይን አለው! አስኳሉ ለስላሳ አይደለም። ፕሮቶንና ኒውትሮኖቹ ጉብ ጉብ ያሉ ናቸው፣ አቀማመጣቸውም በየግጭቱ ይለያያል። የአንዱ ምጣድ እንጀራ ዓይን ከሌላው ጋር እንደማይገጥም ማለት ነው። ስለዚህ የተነባበረው ቦታ አንዳንዴ ወደ ሦስት ማዕዘን ያዘነብላል። ፈሳሹም ሦስት ማዕዘኑን ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ጉብታዎች የሦስት ማዕዘኑ ሁለት ጫፎች ነበሩ።

ይህ ነገር እኔን ከቀመሩ ይልቅ በሰውኛው ይገርመኛል። እብጠቱን ሁሉም ያየው ነበር። ግን ሥዕሉን የሚያበላሽ ጩኸት መስሏቸው ያልፉታል፣ ወይ ትልቅ ስም ይሰጡታል። አሁን ያ ጩኸት ዋናው መለኪያ ሆኗል። ምክንያቱም ውፍረት መጀመሪያ የሚያጠፋው ረቂቁን ቅርጽ ነው። ሞላላው ትልቅ ስለሆነ ብዙ ይቋቋማል። ሦስት ማዕዘኑ ቶሎ ይደበዝዛል፤ አራትና አምስት ጎን ያለው ደግሞ ከዚያም ይብስበታል። የትኛው ስንት ያህል እንደተረፈ በመለካት ፈሳሹ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ይሰላል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ትንሹ ጋ ነው።

በዚያው በ2010 ሲኤምኤስ የተባለው የሰርን የምርምር ቡድን ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ፣ ብዙ ቅንጣት በሚወጣባቸው ጥቂት ግጭቶች ላይ፣ ፍሰት የሚመስል ምልክት አየ። በ2012 ፕሮቶን ከእርሳስ ሲጋጭም ታየ። ነገሩ ግራ አጋባ። ፕሮቶን እኮ አንድ ነው። 208 ሲጋፉ ፈሳሽ ሆኑ ቢባል ይገባናል። አንድ ከአንድ ሲጋጭ የሚወጣው ነገር «ፈሳሽ» ሊባል ነው?

ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው አዎ፣ ጠብታዋ ብታንስም ፈሳሽ ናት አለ። ሌላኛው ደግሞ ምልክቱ የመጣው ከመጋፋት አይደለም፣ ግሉዎኖቹ ከግጭቱ በፊት የነበራቸው ቅንጅት ነው አለ። ወደ በዓሉ ልመለስና፣ ሁለተኛው ወገን የሚለው ሰዎቹ በአንድ በኩል የወጡት ተገፋፍተው ሳይሆን ከቤት ሲነሱ ተነጋግረው ስለመጡ ነው እንደማለት ነው።

ሪክ ላይ ያለው የፊኒክስ ቡድን ብልህ ፈተና አዘጋጀ። የወርቅ አስኳል ላይ በየተራ ሦስት ነገር ወረወሩ። ፕሮቶን ክብ ነው። ዲውትሮን አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን፣ ሁለት ስለሆነ ሞላላ ይሠራል። ሂሊየም ሦስት ደግሞ ሦስት ስላለው ሦስት ማዕዘን። በ2018 መጨረሻ ባወጡት ውጤት ፍሰቱ የተወረወረውን ቅርጽ ተከተለ። ጠብታ ናት የሚለው ወገን አጨበጨበ። ኋላ ግን እዚያው ሪክ ላይ ያለው የስታር ቡድን በራሱ መሣሪያ ሲለካ ሦስት ማዕዘኑ ፍሰት በሦስቱም ላይ ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። መሣሪያዎቹ የሚያዩት የማዕዘን ክልል አንድ አይደለም፤ ፕሮቶን ራሱም ውስጡ ጉብ ጉብ ሊል ይችላል። ነገሩ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ለዚህ ነው ያ የክረምት መግቢያ ሙከራ ያጓጓው። ሰርን ትልቁ ማጋጫው ውስጥ ኦክስጅንን ከኦክስጅን፣ ኒዮንን ከኒዮን ሲያጋጭ የመጀመሪያው ነበር። ጊዜው በእኛ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መባቻ ላይ ይውላል፤ ለእያንዳንዳቸው የተሰጠው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ኦክስጅን 16 ፕሮቶንና ኒውትሮን አለው። ኒዮን 20። በመጠን ወንድማማቾች ናቸው። በቅርጽ ግን አይመሳሰሉም። ኦክስጅን ክብ ወደመሆኑ ያደላል። ኒዮን ደግሞ ኦክስጅን ላይ አራት ቅንጣት ያላት እብጠት ተለጥፋበት ቅል ይመስላል፤ ታች ወፈር፣ ላይ ቀጠን።

ሁለቱ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጉልበት፣ በዚያው መሣሪያ ፊት ሲጋጩ አብዛኛው የመለኪያ ስህተትና አብዛኛው የቲዎሪ ጥርጣሬ በሁለቱም ላይ እኩል ነው። አንዱን ለሌላው ስታካፍል ይሰረዛል። የሚቀረው የቅርጽ ልዩነት ነው። ሒሳቡም ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ፈሳሽ ከሆነ፣ መሃል ለመሃል በሚሆኑት ግጭቶች የኒዮን ሞላላ ፍሰት ከኦክስጅን መብለጥ አለበት ተብሎ።

በ2025 ሴፕቴምበር ላይ አሊስ፣ አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉት ሦስቱ የሰርን ቡድኖች ውጤታቸውን አወጡ። ኒዮን በለጠ። በተተነበየው በኩል፣ በተተነበየው ያህል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይሄ ነው። ትንበያው ከመረጃው በፊት ወጥቷል፤ ከመረጃው በኋላ የተስተካከለ ሒሳብ አይደለም። «ቀድመው ተነጋግረው ነው» የሚለው ወገን የኒዮንን ቅልነት በዚህ ትክክል ማስረዳት የሚከብደው ይመስለኛል። ሃያ ቅንጣት ከሃያ ሲጋጭ የሚወጣው ነገር ይፈስሳል ማለት ከአሁን ወዲያ ድፍረት አይደለም።

ፕሮቶኑ ላይ ግን እጄን አልሰጥም። ምክንያቴ ሌላ ምልክት ነው። ሕዝብ መሃል የሚሮጥ ልጅ ይደነቃቀፋል፣ ይዘገያል። ፕላዝማ ውስጥ የሚያልፍ ፈጣን ኳርክም ጉልበቱን ያጣል። በእርሳስ ግጭት ይህ በደንብ ይታያል። ሲኤምኤስ በኦክስጅንም እንዳየው አስታውቋል። ፕሮቶን ከእርሳስ ሲጋጭ ግን ፍሰቱ አለ፣ መዘግየቱ አልታየም። ግፊያ ካለ የሚሮጠው ልጅ ለምን አይደናቀፍም? ምናልባት ጠብታዋ ከማነሷ የተነሳ ልጁ ሳይጋፋ ዘልቆ እየወጣ ይሆናል። ያም ሆኖ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ እስኪገኙ ድረስ «ፈሳሽ» የሚለውን ቃል ለፕሮቶን ባላውለው እመርጣለሁ።

ሌላ የተከፈተ መንገድም አለ። ፍሰቱ ከቅርጽ ከመጣ፣ ከፍሰቱ ወደ ቅርጹ መመለስ ይቻላል። ስታር በ2024 ያደረገው ይህንን ነው። የዩራኒየምን ግጭት ክብ ከሚባለው ከወርቅ ጋር አወዳድሮ ዩራኒየም እንደ ድንች ሞላላ መሆኑን፣ ያውም በሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ ትንሽ እንደሚበላለጥ አሳየ። የቀድሞው ዘዴ ቅርጹን የሚያየው በረጅም ጊዜ፣ አስኳሉ እየተሽከረከረ ተደባልቆ ነው። ግጭቱ ግን ቅጽበታዊ ነው፤ ይይዘዋል። አንድን ነገር አፍርሶ ቅርጹን ማወቅ የሚያስቅ ይመስላል። ግን ሠርቷል።

የሚቀጥለው መረጃ ቶሎ አይመጣም። የሰርን ማጋጫ ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ለዓመታት እድሳት እንዲቆም ታቅዷል። የሪክ ዋሻም ለሌላ ማሽን፣ ለኤሌክትሮንና ለአስኳል ማጋጫ እየተለቀቀ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት የተሰበሰበው የኦክስጅንና የኒዮን መረጃ ለረጅም ጊዜ ይታኘካል።

ይህንን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ነገርኩት። ከኒዮኑ ይልቅ የያዘው ቁጥሩን ነው። «ሃያ ይበቃል፣ አንድ ምናልባት አይበቃም። በሰውስ?» አለ። ለታኅሣሥ 19 እቅድ አውጥቷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሄዶ፣ ሰዉ ገና ሳይሞላ፣ አንድ ቦታ ቆሞ ሊቆጥር። ስንተኛው ሰው ሲጨመር ነው የራሱን መንገድ መምረጥ የሚያቅተው? እንደፈለክ ብዬዋለሁ። የጫማህን ክር ብቻ አጥብቀህ እሰር።